የአለርጂ ክኒን ማስነጠስን እያቆመ የአስምን ትንፋሽ ለምን አያቀናም? ስለ ሂስታሚን ተቀባዮችና ስለ መከላከያ ሕዋሳት

የመንዝ ልጅ፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

እናቴ አስም ከያዛት ዓመታት ተቆጥረዋል። የምትኖረው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ ሕመሙ የሚበረታባት በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ገብሱና ስንዴው አውድማ ላይ ተወቅቶ እብቁ በነፋስ በሚበተንበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የክረምቱ ጉምና ብርድ ከቤት አላስወጣ ብሏት ቀኑን ሙሉ ከኩበት ጭስ ጋር በምትውልበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በውቂያው ጊዜ ዓይኗ ይቀላል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ማስነጠሱ ፋታ አይሰጣትም፤ ሌሊት ላይ ደግሞ ደረቷ ተጨምድዶ ስትተነፍስ የሚወጣው ፉጨት ከጓዳ እስከ ደጅ ይሰማል።

ለዚህ ሁሉ የምትወስደው በመጀመሪያ ክሎርፌኒራሚን፣ ኋላም ሴትሪዚን ነው። እኔን ያስገረመኝ፣ ክኒኑን በዋጠች በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ማስነጠሱና የዓይኗ ማሳከክ ሲተዋት ደረቷ ግን ምንም ለውጥ አለማሳየቱ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ሂስታሚን የተባለው የሰውነት ኬሚካል ነው ከተባለ፣ አንዱን ያስታገሰ መድኃኒት ሌላውን እንዴት ሳይነካው ያልፋል? ሂስታሚን በሕዋሳት ገጽ ላይ መልእክቱን የሚቀበሉ አራት ዓይነት ተቀባዮች እንዳሉት፣ እነዚህም በሳንባ ቧንቧ ጡንቻ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ጭምር እንደሚገኙ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ይህ ለእናቴ ደረት ምን ትርጉም እንዳለው ማገናኘት አልቻልሁም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ፋርማሲስት ዘደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ከመድኃኒት መደብሩ ባንኮኒ ፊት ለፊት በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ነው። አጭሩ መልስ፣ ክሎርፌኒራሚንም ሆነ ሴትሪዚን የሚዘጉት ኤች-1 የተባለውን አንዱን ተቀባይ ብቻ በመሆኑ ስማቸው ከሥራቸው ይሰፋል የሚል ነው። «ፀረ ሂስታሚን» ሲባል ሰው ሂስታሚንን ከሰውነት የሚያስወግዱ ይመስለዋል። እነርሱ ግን ሂስታሚኑን አንዳች አያደርጉትም፤ ከአራቱ በሮች በአንዱ ላይ ቆመው እንዳይገባ ይከለክሉታል እንጂ።

ክሎርፌኒራሚን የሚያስተኛውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንጎል ውስጥ ሂስታሚን በኤች-1 በኩል ነቅተን እንድንቆይ ከሚያደርጉን ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ክኒኖች ወደ አንጎል ዘልቀው ይገቡና ይህንንም ይዘጉታል። ሴትሪዚን የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ እንቅልፉ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ በአገራችን «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እናትዎ በውቂያ ወቅት ስለሚያማቸው የአፍንጫ አለርጂ ነው። ስለ መከላከያ ሕዋሳቱ የሚያስተምሩ ሰው በመድረኩ ስላሉ ዝርዝሩን ለእርሳቸው እተዋለሁ።

ሕዋስ ተመልካች፦

ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ስለ ተቀባዮቹ ከመናገሬ በፊት ሂስታሚኑ ከየት እንደሚመጣ ላስቀድም፤ የእናትዎ ደረት ጉዳይ ግማሹ እዚያ ላይ ስለሆነ።

ሂስታሚን በዋናነት ተከማችቶ የሚገኘው ማስት ሕዋስ በሚባለው የመከላከያ ሕዋስና በደም ውስጥ በሚዞረው ቤዞፊል ውስጥ ነው። ማስት ሕዋስን እ.ኤ.አ. በ1878 የሰየመው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ ሲሆን፣ ሆዱ በፍሬዎች ታጭቆ ስላየው በደንብ የበላ ሕዋስ መስሎት ነበር። ፍሬዎቹ ግን ምግብ ሳይሆኑ ጎተራ ናቸው፤ ሂስቲዲን ከተባለው አሚኖ አሲድ የሚሠራው ሂስታሚን የሚቀመጠው በእነርሱ ውስጥ ነው። የማስት ሕዋስ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1966 በተገኘው አይ.ጂ.ኢ በተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይሸፈናል። ሰውነቱ ለእብቁ አቧራ አይ.ጂ.ኢ ያዘጋጀ ሰው ያንን አቧራ ሲስብ፣ አቧራው ሁለት አጎራባች አይ.ጂ.ኢዎችን አያይዞ ይጎትትና ጎተራው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈነዳል። አስም ባለበት ሰው ደግሞ ማስት ሕዋሳቱ ከቧንቧው ሽፋን ሥር ብቻ ሳይሆን ቧንቧውን በሚከበው ለስላሳ ጡንቻ መካከል ገብተው ይገኛሉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ባሩዱ የተቀመጠው ከሚፈነዳበት ግድግዳ ውስጥ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ተቀባዮቹ እንምጣ። በእኛ አገር አንድ ሰው ከተራራ ወገብ ላይ ኡኡ ቢል ሰሚው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አያደርግም፤ አጠገቡ ያለው ዱላ ይዞ ይሮጣል፣ ሽማግሌው ቆይ እስቲ ብሎ ያረጋጋል፣ ከማዶ ያለው ደግሞ ጆሮው ቀጭን ከሆነ ብቻ ይሰማና መንገድ ይጀምራል። ሂስታሚንም ራሱ ትእዛዝ የለውም፤ ጩኸት ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው የሚሰማው ሕዋስ በገጹ ላይ የተከለው የተቀባይ ዓይነት ነው።

ኤች-1 ሲነካ በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል። በለስላሳ ጡንቻ ላይ ይህ መኮማተር ነው፤ በደቃቃ የደም ሥሮች ላይ ደግሞ ፈሳሽ እንዲያሾልኩ ማድረግ ሲሆን እብጠቱና የአፍንጫው ፍሰት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማሳከኩና ማስነጠሱም በነርቮች ላይ ባለው ኤች-1 በኩል ይመጣል። እስከዚህ ድረስ የታወቀው ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ኤች-1 በመከላከያ ሕዋሳት ላይም መኖሩ ነው። የመከላከያውን አቅጣጫ ከሚመሩት ቲ-ሕዋሳት መካከል፣ ባክቴሪያንና ቫይረስን በመዋጋት የሚታወቁት ቲ-ኤች-1 የሚባሉት ይህን ተቀባይ በብዛት እንደሚይዙና በእርሱ በኩል እንደሚበረታቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሥራ አሳይቷል። የስሞቹ መመሳሰል የአጋጣሚ ጉዳይ ስለሆነ አያደናግርዎ፤ በቲ-ኤች-1 ውስጥ ያለው ኤች ረዳት ማለት ሲሆን የተቀባዩ ኤች ግን ሂስታሚን ነው። ከዚህም ሌላ ኤች-1 እንዳይኖራቸው ተደርገው በተዳቀሉ አይጦች ላይ፣ በአለርጂ የሠለጠኑ ቲ-ሕዋሳት ከደም ወጥተው ወደ ሳንባ የመግባት አቅማቸው ተዳክሞ ተገኝቷል። ስለዚህ ኤች-1 ጡንቻን ከመጨበጥ አልፎ ሕዋሳትን ወደ ሳንባ የመጥራት ድርሻም አለው።

ኤች-2 ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው ነው። ሰው የሚያውቀው በጨጓራ አሲድ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ይገኛል፤ ሥራውም እንደ ሽማግሌው ማረጋጋት ነው። ሲነካ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ የተባለውን መልእክተኛ ያበዛል፤ ይህም ቤዞፊሉ ተጨማሪ ሂስታሚን እንዳይለቅ ይገታል። ጩኸቱ ራሱን ዝም የሚያሰኝበት መንገድ በውስጡ አለ ማለት ነው። በቲ-ሕዋሳትም ላይ ኤች-2 የሁለቱንም ወገኖች፣ የቲ-ኤች-1ንም የአለርጂውን ቲ-ኤች-2ንም፣ እንቅስቃሴ ያቀዘቅዛል። እዚህ ላይ ግን አንድ መጠንቀቅ አለ። እንግዳ ነገርን ይዘው ለቲ-ሕዋሳት በሚያሳዩት ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ላይ ኤች-2 ሲነካ፣ ሕዋሳት ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አረጋጊው ኢንተርሊውኪን-10 ሲጨምር ኢንተርሊውኪን-12 ይቀንሳል። ኢንተርሊውኪን-12 የቲ-ኤች-1 ወገን ስንቅ ስለሆነ፣ እርሱ ሲያንስ ሚዛኑ ወደ አለርጂው ወገን ሊያጋድል ይችላል። ስለዚህ ኤች-2ን ደግ ሽማግሌ ብዬ ብጠራውም፣ አንዳንዴ እርቁን ለአንዱ ወገን የሚያደላ ሽማግሌ ነው።

ኤች-3 በዋናነት የነርቭ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ አላቆየውም።

ኤች-4 ግን ለጥያቄዎ ቁልፍ ነው። የሚገኘው በአብዛኛው በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ በአለርጂ ጊዜ በሚበዛው ነጭ የደም ሕዋስ በኢዮሲኖፊል፣ በራሱ በማስት ሕዋስ፣ በቤዞፊል፣ በዴንድሪቲክ ሕዋስና በቲ-ሕዋሳት ላይ ታይቷል። ሥራው ማስጓዝ ነው። ኢዮሲኖፊሉ ቅርጹን ለውጦ ሂስታሚኑ ወደ በዛበት አቅጣጫ እንዲጓዝ ያደርገዋል፤ ማስት ሕዋስም ፍሬውን ሳያፈስ ወደዚያው እንዲሰበሰብ ይጠራዋል። ከማዶ ያለው ባለ ቀጭን ጆሮ ያልሁትም እርሱን ነው፤ ኤች-1ና ኤች-2 እንዲነቁ በማይክሮሞላር የሚለካ ክምችት ሲያስፈልጋቸው፣ ኤች-3ና ኤች-4 ከዚያ እጅግ ባነሰ፣ በናኖሞላር በሚለካ ክምችት ይነቃሉ። ማስት ሕዋሱ ከፈነዳበት ስፍራ ርቆ፣ ሂስታሚኑ ከሳሳ በኋላ፣ ኤች-1 ምንም በማይሰማበት ቦታ ኤች-4 ይሰማል። ኢዮሲኖፊሎች ሳንባ ውስጥ ተሰብስበው የቧንቧውን ሽፋን ሲጎዱ ደግሞ አስሙ የአንድ ቀን ጥቃት መሆኑ ይቀርና ሥር የሰደደ እብጠት ይሆናል።

እንግዲህ እናትዎ ሴትሪዚን ሲወስዱ ኤች-1 ይዘጋል፤ ማስነጠሱም ማሳከኩም በዋናነት የኤች-1 ሥራ ስለሆነ ይቆማል። ሂስታሚኑ ግን እዚያው እንዳለ ነው፤ ኤች-4ም ክፍት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ማስት ሕዋስ የሚለቀው ሂስታሚንን ብቻ አይደለም፤ ሉኮትራይንና ፕሮስታግላንዲን ዲ-2 የተባሉትንም ይለቃል። ከሉኮትራይኖቹ አንዳንዶቹ የሳንባን ቧንቧ በማጥበብ ረገድ በእኩል መጠን ሲነጻጸሩ ከሂስታሚን እስከ ሺህ እጥፍ ይበረታሉ። አፍንጫ ላይ ሂስታሚን መሪ ተዋናይ ነው፤ ሳንባ ላይ ከብዙዎች አንዱ ነው። ሌሊት የሚመጣባቸው ጥቃትም፣ ቀን አቧራው ከተሳበ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ገደማ በኋላ የሚከሰተውና በተሰበሰቡት ሕዋሳት የሚመራው የዘገየ ምላሽ ሊሆን ስለሚችል፣ የኤች-1 ክኒን በዚያ ላይ እጅግ ጥቂት ነው የሚሠራው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ የሳይንሱን ታሪክ አስታወስኸኝ፤ አንተ በእናትህ ላይ ያስተዋልኸው ነገር ተመራማሪዎቹን ወደ ተቀባዮቹ ያደረሳቸው ያው ግርምት ነውና።

ሂስታሚን በሰውነት ላይ የሚያደርገውን እ.ኤ.አ. በ1910 የገለጹት ብሪታንያውያኑ ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌይድሎ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ዳንኤል ቦቬና አን-ማሪ ስቶብ የመጀመሪያውን ፀረ ሂስታሚን ሠሩ፤ ቦቬም በ1957 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መድኃኒቶቹ የጡንቻውን መኮማተር ሲያስቆሙ ሂስታሚን በጨጓራ ውስጥ የሚያስነሣውን አሲድ ግን ፈጽሞ አልነኩትም። ልክ አንተ እንዳልኸው፣ አንዱን አስታግሶ ሌላውን ማለፍ! በ1966 አሽና ሺልድ መድኃኒቱ የሚዘጋውን ኤች-1 ብለው ሰየሙ፤ ስም የወጣለት አንዱ ሲሆን ስም ያልወጣለት ሌላ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ያንን ጄምስ ብላክና ባልደረቦቹ በ1972 አገኙት፤ ብላክም በ1988 ኖቤል ተሸለመ። ኤች-3 በ1983 ከአንጎል፣ የኤች-4 ዘረ-መል ደግሞ በ2000 ታወቁ። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለሕዋስ ተመልካች አንድ ጥያቄ አለኝ። ኤች-2 የመከላከያ ሕዋሳት ልጓም ከሆነ፣ ለጨጓራ ብለን የምንውጠው መድኃኒት ልጓሙን ፈትቶ አስምን አያባብስም ወይ? እኔ ራሴ ጨጓራ አለብኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሁለቱም አሉበት።

ሕዋስ ተመልካች፦

ጋሼ፣ ጥያቄው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተመራማሪዎችንም አሳስቦ ነበር። በአስም ታማሚዎች ላይ ኤች-2ን የሚዘጉት የጨጓራ መድኃኒቶች ሲሜቲዲንና ራኒቲዲን ተሰጥተው ሲመዘን በዕለት ተዕለት አተነፋፈሳቸው ላይ ጉልህ ጉዳት አልታየም። ምክንያቱ እንደሚመስለኝ፣ ሕዋሱን የሚያረጋጉ ሌሎች መንገዶችም ስላሉ አንዱ ልጓም ቢላላ ሌሎቹ ስለሚይዙት ነው። ለምሳሌ ቧንቧን የሚከፍተው የአስም ፓፍ ሳልቡታሞል ቤታ-2 የተባለውን ተቀባይ ሲነካ በሕዋሱ ውስጥ የሚያበዛው ኤች-2 የሚያበዛውን ያንኑ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ ነው። በሩ ሌላ ይሁን እንጂ የሚገቡበት ቤት አንድ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ደግሞ የሂስታሚንን ተቀባይ የሚነካ መድኃኒት አይደለም፤ አሲዱን የሚረጨውን ፓምፕ ራሱን ስለሚያቆም ኤች-2 በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ሥራውን ይቀጥላል።

ፋርማሲስት ዘደብረ ብርሃን፦

ጋሼ ስለ ጎረቤትዎ ካነሡ ዘንድ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ሲሜቲዲን አስምን የሚጎዳበት እውነተኛ መንገድ አለ፤ ነገር ግን በተቀባይ በኩል ሳይሆን በጉበት በኩል ነው። መድኃኒቱ የጉበትን ኢንዛይሞች ስለሚያዳክም ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊን በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ቴዎፊሊን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ የልብ ምት መዛባት፣ ማስታወክ፣ ከበዛም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ጎረቤትዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ወደ ሐኪማቸው ቢሄዱ መልካም ነው።

የበግ ሐኪም፦

እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንሁ በመካከል መግባቴን ይቅር በሉኝ፤ የሕዋስ ተመልካችን ገለጻ ብወደውም አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ስለ ኤች-1ም ሆነ ስለ ኤች-4 በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ከተነገረው ብዙው ከአይጥ የመጣ ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ የመጀመሪያው ትምህርት የአንዱ እንስሳ ሳንባ የሌላው አለመሆኑ ነው። የጊኒ አሳማ ሳንባ ለሂስታሚን ከልክ በላይ ስስ ነው፤ ትንሽ ቢሰጠው ቧንቧው ይዘጋል። በአይጥ ማስት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ሴሮቶኒን ትልቅ ድርሻ ይይዛል። የመንዝ ሰው የሚያውቀው በግማ ከሁሉም የተለየ ነው፦ በበግ ቀጭን የሳንባ ቧንቧ ላይ ሂስታሚን በኤች-2 በኩል ማጥበብ ሳይሆን ማላላት እንደሚያመጣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታይቷል። አንድ ኬሚካል አንዱን አንቆ ሌላውን ሲያስተነፍስ ካየን፣ በአይጥ ተመሥርተን ስለ ሰው ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ አለብን እላለሁ።

ሕዋስ ተመልካች፦

የበግ ሐኪም ወንድሜ ያነሡት ልክ ነው፤ እኔም የራሴን ገለጻ ላርም። የሰውና የአይጥ ኤች-4 ተቀባዮች የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል የሚመሳሰለው ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ተቀባይ ይህ ዝቅተኛ ነው። መዘዙም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤች-4 የሌላቸው አይጦች የሳንባ አለርጂያቸው ቀሎ ሲገኝና ተቀባዩን የሚዘጉ ኬሚካሎችም ተመሳሳይ ውጤት ሲያሳዩ፣ ብዙዎቻችን አዲስ የአስም መድኃኒት ደጃፍ ላይ የደረስን መስሎን ነበር። በኋላ ቶሬፎራንት የተባለው የኤች-4 መዝጊያ ኢዮሲኖፊል በበዛበትና በቁጥጥር ሥር ባልዋለ አስም በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ሲሞከር ከባዶው ክኒን የተሻለ ጥቅም አላሳየም።

ይህ ማለት ግን ኤች-4 በሰው ኢዮሲኖፊል ላይ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ከሰው ደም የተወሰደ ኢዮሲኖፊል በቤተ ሙከራ ውስጥ ወደ ሂስታሚን ሲጓዝና ተቀባዩ ሲዘጋ ሲቆም በዓይን ታይቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ኢዮሲኖፊሉን ወደ ሳንባ የሚጠሩት ድምፆች ብዙ ናቸው፤ ኢንተርሊውኪን-5 አለ፣ ኢዮታክሲን የሚባሉት አሉ፣ ፕሮስታግላንዲን ዲ-2ም አለ። ከመካከላቸው የሂስታሚንን ድምፅ ብቻ መዝጋት ጉዞውን አላስቀረውም።

ነርስ ከጣርማ በር፦

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። ለመንዝ ልጅ ግን በሕክምናው በኩል ያለውን ልጨምር፤ እናትህ እስካሁን ለደረታቸው የሚሆን መድኃኒት ያገኙ አልመሰለኝምና።

የብዙ ሕዋሳትን ድምፅ በአንድ ጊዜ ዝቅ የሚያደርገው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው። በአንድ ተቀባይ በር ላይ አይቆምም፤ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ ኢንተርሊውኪን-5ንና መሰሎቹን የሚያሠሩትን ዘረ-መሎች ያዘጋል። ኢዮሲኖፊሎችም ይሞታሉ፣ ይቀንሳሉም። ችግሩ እንደ ሳልቡታሞል ወዲያው ስለማይሰማ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ መተዉ ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ ለውጡ በቀናትና በሳምንታት ይመጣል። ሳልቡታሞል ደግሞ ጡንቻውን ቢያላላም የሕዋሳቱን ስብሰባ አይበትንም። ጂና በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂ ሰው በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም የመከረው ለዚህ ነው።

ፓፉን አስተካክለው መሳብ ከከበዳቸው፣ ግማሽ ሊትር ከምትይዝ የውኃ ፕላስቲክ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ አውጥተህ በዚያ ይነፋላቸው፤ እርሳቸው በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብለው ይተንፍሱ። በሕጻናት ላይ በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለው ከተገዛው መሣሪያ የሚተናነስ ሆኖ አልተገኘም። ስቴሮይዱን ከሳቡ በኋላ አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ። ሴትሪዚኑን ለአፍንጫቸው ቢወስዱት ክፋት የለውም። ነገር ግን ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅታቸው ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ክኒንም ጠርሙስም ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባቸው።

የመንዝ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ የምትወስዳቸውንም ሁሉ በከረጢት እይዛለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የተብራራው ሁሉ ለውቂያው ወቅት በደንብ ይገጥማል። የክረምቱ የኩበት ጭስስ? እርሱም በአይ.ጂ.ኢና በሂስታሚን በኩል ነው የሚመጣው?

ሕዋስ ተመልካች፦

ጥሩ አድርገው ለይተውታል። ጭስ እንደ እብቅ አይ.ጂ.ኢ የሚዘጋጅለት ነገር አይደለም። ጭሱ በቀጥታ የቧንቧውን ሽፋን ሕዋሳት ይጎዳል፤ የተጎዱት ሕዋሳትም ኢንተርሊውኪን-33ንና መሰል የአደጋ ምልክቶችን ይለቃሉ። እነዚህ ምልክቶች ያለ አይ.ጂ.ኢ እርዳታ የመከላከያ ሕዋሳትን ያነሣሣሉ፤ ማስት ሕዋስንም ጭምር። ጭሱ በተጨማሪ የሳልን ነርቮች ይኮረኩራል፤ ኒውትሮፊል የተባሉትንም ሕዋሳት ወደ ሳንባ ያመጣል፤ ኒውትሮፊሎች ደግሞ ለስቴሮይድም ቢሆን እንደ ኢዮሲኖፊል በቀላሉ የማይታዘዙ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል የሂስታሚን ድርሻ ከውቂያው ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ሴትሪዚኑ ለአፍንጫቸውም ቢሆን እንደ ጥር የማይረዳቸው ከሆነ አይደነቁ፤ ለዚያ ወቅት ከክኒኑ ይልቅ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ይጠቅማቸዋል።

የመንዝ ልጅ፦

እውነትም በክረምት «ይህ ክኒን ዘንድሮ ኃይል የለውም» እያለች ታማርራለች። እኔ ጊዜው ያለፈበት ተሽጦላት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ፣ ባለፈው ነሐሴ ሁለት ጊዜ ሌላ ገዝቼ ልኬላታለሁ።